የሰው ፕሮግራም፣ የእኔ ስም

ይህን ለማንም ተንፍሼ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ሌላ ሌላውን ዘርዝሬ ይቺን ዘልያታለሁ። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው እንጂ ስለምወዳችሁ አይደለም። «አይ፣ ምን አለበት» እያላችሁ እንዳታጽናኑኝ ብቻ!

በሚሌኒየሙ ሰሞን ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ኮምፒውተር የምጠግንባት ሱቅ ነበረችኝ። ደንበኞቼ ልደታ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ለባለጉዳይ አቤቱታ የሚጽፉ ሰዎች ነበሩ። ያኔ በኮምፒውተር አማርኛ መጻፍ አበሳ ነበር። እኔ አንድ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ከኢንተርኔት አወረድኩ። የሠራው ሰው በነጻ ለቆታል፤ «ተጠቀሙበት፣ አባዙት፣ ለሌላ ስጡት፣ ስሜን ብቻ አታጥፉ» ብሎ ጽፎበታል። ስሙን አጠፋሁ። የእኔን ጻፍኩበት። ከዚያ ሸጥኩት።

መሸጤን አይደለም የምናዘዘው፣ ልብ በሉ። ሰውየው መሸጥ አልከለከለም። ለጫንኩበት፣ ላስተማርኩበት ብቀበል ማን ምን ይለኛል? እኔ ግን ዓይኔን በጨው ታጥቤ «ለፍቼ የሠራሁት ነው፤ ያለፈቃዴ ያባዛ ሌባ ነው» አልኩ። እኔ! በዚህ አፌ!

እትዬ ዘነበች ከጸሐፊዎቹ ሁሉ ታላቅ ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ልጆቻቸውን ያሳደጉት አቤቱታ እየጻፉ ነው። ፕሮግራሙን ከእኔ ገዝተው፣ አጠገባቸው ለምትሠራ መግዣ ላጣች ሴት በፍላሽ ገልብጠው ሰጧት። ሌባ እናት ልጇን አታምንም ይባል የለ? እየዞርኩ ስሰልል ደረስኩበት። ባለጉዳይ በተሰበሰበበት «ሌባ!» ብዬ ጮህኩባቸው። እናቴ የሚሆኑትን ሴት! «የሰው ላብ እየሰረቁ ነው ለሰው ፍትሕ የሚጽፉት?» አልኳቸው።

አቤቱታ ጸሐፊ የሚያድረው በመታመን ነው። የቤት ካርታውን፣ የትዳር ገመናውን ሌባ የተባለች ሴት ፊት ማን ይዘረግፋል? ደንበኛ ሸሻቸው። ስማቸው እንዲመለስላቸው ብለው ሽማግሌ ላኩብኝ፤ ራሳቸውም ተከትለው ሱቄ መጡ።

«ልጄ፣ አጥፍቻለሁ። የድካምህ ዋጋ መሆኑን ሳላስተውል ነው» አሉና ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ አሉ።

ሰው የሆነ ሰው ታላቁን «ኧረ በሕግ!» ብሎ ቀድሞ ያነሳል። እኔ አላነሳኋቸውም። ጉልበቴን አስሳምኩ። ከዚያ «ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኩ። የሰረቅሁት እኔ፣ ይቅር ባዩም እኔ! ሽማግሌዎቹ መረቁኝ፤ አሜን አልኩ። ያቺን ሰዓት እውነቱን ብናገር ምን እሆን ነበር? ገበያዬ ይቀር ነበር፤ በቃ። ለገበያዬ ስል ስማቸውን ቀበርኩት። ይቅርታውም አልጠቀማቸውም። ይቅርታ የጠየቀ ሰው ሰርቋል ማለት ነው ተባለና ያለ ደንበኛ ቀሩ። ቦታውን ለቀው በየሰው ቤት ልብስ አጣቢ ሆኑ።

ከዓመታት በኋላ ልደታ ማርያም ደጅ አገኘኋቸው። አንገቴን ደፍቼ ላልፍ ስል ጠሩኝ። እጃቸው በሳሙና ተልጧል።

«እግዚአብሔር ይስጥህ ልጄ» አሉኝ፣ «ያኔ ይቅር ባትለኝ ይሄን ደጅ በምን እግሬ እረግጠው ነበር?»

«አሜን» አልኩና አለፍኩ። እዚያም፣ እመቤቴ ደጅ ላይ፣ አልነገርኳቸውም።

አሁንም በሕይወት አሉ። ቤታቸውን አውቀዋለሁ፤ በእግር የሚያስኬድ ነው። እኔ ግን እዚህ ተጎልቼ ለእናንተ እናገራለሁ። ይቅር ብለንሃል የምትሉኝ ካላችሁ ተዉት፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም።