የቤታችን አፍንጫ

ነገሩ የሆነው ሚሊኒየሙን ባከበርንበት ዓመት፣ ክረምት ላይ ነው። የፍሳሽ ቱቦ ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ቱቦ ደግሞ በየቀኑ አያለሁ፣ እንጀራዬ ነውና። ወረታ ከተማ ውስጥ የስንቱን ሰው ሽንት ቤት ሠርቻለሁ። ስለ ሙያዬ ሲነሳ መሽኮርመም አልወድም፤ እችልበታለሁ።

በዚያ ክረምት ግን የገዛ ቤቴ ሸተተ። የጎረቤቱን ሹፈት አስቡት።

የባለቤቴ አባት በርብ ወንዝ ዳር ሜዳ ላይ የሚያርሱ የቁሐር ሚካኤል ገበሬ ናቸው። እኔም እንደ ልጃቸው «አብዬ» ነው የምላቸው። ደረታቸውን ስለሚያማቸው ሜዳው ላይ ውሃ ሲተኛ እርጥበቱ እንዳይጥላቸው ብለን እኛ ጋ እንዲከርሙ አመጣናቸው። ወሩ ሳይሞላ ከሽንት ቤታችን ክፉ ሽታ መውጣት ጀመረ። ውሃ ሲለቀቅ ደግሞ ቧንቧው ከሥር ያጉረመርማል።

አብዬ ነገሩን ወደ ራሳቸው ወሰዱት። ሜዳ የለመዱ ሰው ናቸው፤ ቤት ውስጥ መጸዳዳት ከመጀመሪያው አሳፍሯቸው ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ዱላቸውን ይዘው ብቅ አሉ።

«በሉ ልጆቼ፣ እኔ ወደ ቤቴ ልግባ። ቤታችሁን አገማሁት።»

ባለቤቴ አለቀሰች። ያን ሰሞን ርብ ሞልቶ ሜዳው ባሕር መስሏል። ከነሳላቸው ወደዚያ ቢመለሱ ምን እንደሚከተል ሁለታችንም እናውቃለን።

«አብዬ፣ ጥፋቱ የቧንቧው ነው። ዛሬን ይቆዩኝ። ካላስተካከልኩት እኔው አደርስዎታለሁ» አልኳቸው።

ተቀመጡ። ዱላውን ግን ከእጃቸው አልለቀቁም።

ምክንያቱን ገምቻለሁ። የወረታ መሬት ዋልካ ነው፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፣ ቤቱንም አብሮ ያንገላታዋል። የእኛም ቤት በሽንት ቤቱ በኩል ሰምጧል። ጓሮውን ቆፍሬ ቱቦው ላይ የማስተካከያ መሣሪያዬን፣ ውሃ ልኩን፣ ባስቀምጥ፣ ወደ ጉድጓዱ መውረድ የነበረበት ቱቦ ወደ ቤት አዘንብሏል። ፍሳሹ መሄጃ አጥቶ ተኝቶበታል።

የጉድጓዱን ግድግዳ ዝቅ አድርጌ በሳሁት። ቱቦውን ነቅዬ ከሥሩ ጠጠር ደለደልኩ፣ ቁልቁለቱን እየለካሁ መልሼ ዘረጋሁት። ውሃ ስለቅበት ሽው ብሎ ወረደ። እጄን ታጥቤ በኩራት ገባሁ።

ባለቤቴ ውሃ ለቀቀች። ቧንቧው አጉረመረመ! ከመቀመጫው ሥር ባለው ጥምዝ ቱቦ፣ በሲፎኑ ውስጥ ተኝቶ ሽታ የሚያግደውን ውሃ ጠጥቶት ሄደ፤ ሽታውም ተከትሎ መጣ። አብዬ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ።

የሚወርድ ውሃ አየር ከላይ ካላገኘ ከሲፎኑ ይስባል። ለዚሁ ብዬ መተንፈሻ ቱቦ በጣራው ላይ ያወጣሁት እኔው ነኝ። «አብዬ፣ ትንሽ ብቻ!» ብዬ መሰላል አቆምኩ።

የመተንፈሻው አፍ በጨርቅ ተወትፎ፣ በጭቃ ተመርጎ፣ የቲማቲም ጣሳ ተደፍቶበታል።

«ማነው ይህን የደፈነው?» ብዬ ከላይ ጮህኩ።

አብዬ ከበረንዳው ቀና አሉ። «እኔ ነኝ፤ ጎረቤትህን ለምኜ አስደፈንኩት። አፉን ከፍቶ ባየው ዝናብ ሊገባባችሁ ነው ብዬ። እኛ ውሃ እንዳይገባ ስንደፍን የኖርነ ሰዎች ነነ። ምነው፣ አፈሰሰ?»

ባለቤቴ ዓይኗን ጣለችብኝ። አንድ ቃል ብሳሳት «አላልኳችሁም?» ብለው መንገዳቸውን ይጀምራሉ።

«አብዬ፣ ይኼ የቤቱ አፍንጫ ነው። እርስዎ አፍንጫውን ይዘው ‹ለምን ታጉረመርማለህ› ይሉታል!»

ወደ ጣራው አንጋጠጡ። ከዚያ ፊታቸው በራ።

«እንደ ቅል በለኛ! ቅልም ሲገለብጡት ትንፋሽ ሲያጥረው ነው ቡልቅ ቡልቅ የሚል። ታዲያ ሽታው የእኔ አይደለም?»

«የሁላችንም ነው አብዬ።»

እስኪያስላቸው ሳቁ። ጭቃውን ፈነቀልኩ፣ ጨርቁን መዘዝኩ፣ ውሃው ያለ ድምፅ ወረደ።

አሁን ክረምት በመጣ ቁጥር እኛ ጋ ናቸው። ሲመጡ ከሰላምታ በፊት ወደ ጣራው ያያሉ፤ «አፍንጫው ደህና ነው?» ይላሉ። የባለ ፎቅ ቤት ቧንቧ ዘርግቼ ብዙ ሰው አመስግኖኛል። እኔ ግን በሙያዬ ከሁሉ በላይ የኮራሁት፣ ያን ዕለት አብዬ ዱላቸውን ወስደው ከበሩ ጀርባ ባቆሙት ጊዜ ነው።