ቀንበር ላይ ያለ ስለት

«ምን አልሽ? እስቲ ድገሚው!» አለ ሙላቴ። ትከሻው ላይ የነበረውን ሞፈር መሬት ላይ ጣለው።

አለምወርቅ ደገመችው። «ቦራን ለጊዮርጊስ ተስያለሁ። ከነገ ወዲያ ለንግሡ ወስጄ አስረክባለሁ።»

ወይ አለምወርቅ! ሰውየው በሬ ሊጠምድ በመጣበት ጠዋት እንዲህ ያለ ነገር ይነገራል? ሦስት ወር ሙሉ በሆዷ ይዛው ከርማለች። እውነቱን እንናገርና ፈርታ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጉና ግርጌ ባለችው መንደራቸው ሁለት በሬ አስሮ የሚያድር ሰው በጣት ይቆጠራል። አለምወርቅ ባሏ ካረፈ ወዲህ ያላት በሬ ቦራ ብቻ ነው። ጎረቤቷ ሙላቴም ዳልቻ የሚባል አንድ በሬ አለው። አንድ በሬ ደግሞ ብቻውን አያርስም። ስለዚህ ሁለቱ ቤቶች መቀናጆ ገቡ፤ በሬዎቹ ባንድ ቀንበር ይጠመዳሉ፣ ሙላቴ ያርሳል፣ አንድ ቀን በእሷ መሬት፣ አንድ ቀን በእሱ። እሷም በአረምና በአጨዳ ጉልበቷን ትመልስለታለች። ሰባት ዓመት እንዲህ ሲኖሩ ክፉ ቃል አልተነጋገሩም።

በጥር ወር ልጇ ሕይወት ምጥ ጸናባት። እስከ መኪና መንገድ በቃሬዛ፣ ከዚያ በመኪና ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት አደረሷት። ሕፃኑ በደህና ተወለደ፤ የእናቲቱ ደም ግን አልቆም አለ። አለምወርቅ ደጅ ሲሚንቶው ላይ ተንበርክካ «ጊዮርጊስ ሆይ፣ ልጄን ብቻ አትርፍልኝ፤ ቦራን ለሚያዝያ ንግሥህ እሰጥሃለሁ» አለች። ከዚያ የሚበልጥ ነገር በቤቷ አልነበራትም። በዘጠነኛው ቀን ሕይወት ልጇን አቅፋ በእግሯ ወጣች። አለምወርቅም እናት ናትና ማን ይፈርድባታል? በዚያ ሰዓት ቀንበሩ እንዴት ትዝ ይበላት?

«እትዬ አለምወርቅ» አለ ሙላቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ እሱ የሚያስፈራው እንዲህ ሲል ነው። «ዝናቡ ጀምሯል። መሬቴ ገና አንዴ ነው የታረሰው። አምስት ልጅ አለኝ። በዳልቻ ብቻ ምን ላርስ ነው? አንድ በሬ ስቦ፣ አንድ ሰው አስቦ የት ይደርሳል?»

«ታዲያ ስለቴን ላስቀር ነው? ልጄን ቢነጥቀኝስ?»

«እስከ ሰኔ ቢታገስሽ ምናለበት?»

«በሬው የኔ ነው!» ብላ ጮኸች።

ይህን ቃል ከእሷ አፍ የሰማ ሰው አልነበረም። ገብሷ አምሮ «እሰይ፣ ዘንድሮስ ቀናሽ» ያሏት እንደሆነ «የእግዜር ነው፤ እኔ ጠባቂ ነኝ» የምትል ሴት እኮ ናት። የመጀመሪያዋን ነዶ ለቤተ ክርስቲያን ሳትለይ እሸት አትቀምስም። ድንች ስትቆፍር የተሰነጠቀውን ለራሷ፣ ደህናውን ለዘርና ለደካማ ታኖራለች። አውድማ ላይ የወደቀች ፍሬ ጎንበስ ብላ ትለቅማለች እንጂ አትረግጣትም። ሰው «ቋጣሪ» እያለ ያማታል፤ ስትሰጥ ያያት ግን አፉን ይይዛል። እንዲህ ያለችው ሴት ናት ያን ቀን «የኔ ነው» ብላ በሯን የዘጋችው።

ሁለት ቀን እህል አልወርድላት አለ። «እማ፣ እኔ ድኛለሁ» አለቻት ሕይወት። «ጊዮርጊስ ትንሽ ቢጠብቅ ያሳድደናል እንዴ?»

«ዝም በይ! ያን ቀን እኔ ያየሁትን አንቺ አላየሽም።»

ሚያዝያ ሃያ ሦስት ማለዳ ቦራን አጥባ፣ ቀንዱን ቅቤ ቀብታ ወጣች። ወንዙን ሳትሻገር ሙላቴን መንገዱ መሀል ዱላውን ይዞ ቆሞ አገኘችው። ወደ ንግሥ የሚሄደው ሰው ቆመ። አንዲት ሴት «በስመ አብ!» አለች።

«መልሺው» አላት።

«አሳልፈኝ ሙላቴ።»

«መልሺው አልኩሽ!»

አለምወርቅ ገመዱን አልለቀቀችም። ሙላቴ መጥቶ የቦራን ቀንድ ጨበጠ። በሬው ያን እጅ ያውቀዋል። ሊጠምደኝ መጣ ብሎ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ለቀንበር አመቻቸለት። ሙላቴ ይህን ሲያይ ቀንዱን ለቀቀና ፊቱን አዙሮ በጋቢው ዓይኑን ጠረገ። አለምወርቅ አለፈችው። ማለፉንስ አለፈች፤ ሆዷ ግን እዚያው ወንዙ ዳር ቀረ።

ታቦቱ ከገባ በኋላ እንደ ደንቡ የስለቱ ከብት ለጨረታ ቀረበ። ከእብናት የመጣ አንድ የከብት ነጋዴ የቦራን ሻኛ እየዳበሰ «ይሄ ለሥጋ ነው» አለ። በሬ ካራጁ ይውላል እንዲሉ ቦራ የሰውየውን እጅ ይልስ ጀመር። ሙላቴ ከነሚስቱ ከነልጆቹ ዋርካው ሥር ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል።

«ማነህ የመጀመሪያ ዋጋ የምትጠራው?» አለ አጫራቹ።

«ቆይ!» ብላ አለምወርቅ መሀል ገባች። ገበዙ ቄስ ፋሲል ፊት ተንበረከከች። «አባ፣ ይፍቱኝ። ጥፋት አጥፍቻለሁ።»

ሕዝቡ አጉረመረመ። «ስለት ሊመለስ ነው እንዴ?» አለ ነጋዴው።

«አልመልስም! ከአፌ የወጣ ወጥቷል» አለች። «ግን ቀንበር ላይ ያለ በሬ ነው የሰጠሁት። የራሴን የሰጠሁ መስሎኝ የሙላቴን ማሳ ሰጥቻለሁ። በሰው ልጆች ጉሮሮ ልጸድቅ ነው?»

ቄስ ፋሲል ጎንበስ ብለው አዩዋት። «እና ምን ትያለሽ?»

«ቦራ ከዛሬ ጀምሮ የጊዮርጊስ ነው። ዘር እስኪያልቅ ግን ቀንበሩ ላይ ይቆይ። የሙላቴ ተራ ለሙላቴ። የእኔን ተራ ለጊዮርጊስ ሰጥቻለሁ፤ በሬ ለሌላቸው ደካሞች ይታረስበት። ሙላቴ፣ ለእኔ ታርስ የነበረውን ለእነሱ ታርሳለህ፤ አረምህን ያው እኔ አርማለሁ። ጭድና ሣሩ በእኔ ነው። ሐምሌ ሃያ ሦስት ወፍሮ ትረከቡታላችሁ።»

«የአንቺስ መሬት?»

ይህን ሳታስበው ቀርታ አይደለም። «እሱ ያውቃል» አለች።

ቄሱ ሙላቴን በዓይናቸው ጠየቁት፤ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። «ሰማዕቱ የጎረቤትን ቀንበር ሰብሮ የመጣ ስለት አይወድም» አሉና መስቀላቸውን አሳለሟት። ነጋዴው እያጉተመተመ ወደ ሌላ ከብት ሄደ።

የመጀመሪያው ቀን የደረሰው ለሽማግሌው ለይሻው ነበር፤ መሬታቸው ሁለት ዓመት ጦም አድሯል። ሙላቴ አረሰላቸው። ቀጥሎ አንዲት አቅመ ደካማ፣ ቀጥሎ ሌላ። አለምወርቅ ለቦራ ሣር እያጨደች፣ የሙላቴን አረም እያረመች፣ ማሳዋ ሲጠጥርና አረም ሲውጠው ታያለች። ደስ ብሏት ነበር ብንል ዋሸን። ፈርታለች፤ ጎተራዋን እያየች «ምን ልንበላ ነው?» ስትል ሕይወት ሰምታታለች።

በግንቦት አጋማሽ አንድ ጠዋት፣ የሙላቴ ተራ በሆነበት ቀን፣ «ሳብ ቦራ! ና ዳልቻ!» የሚል ድምፅ ከላይኛው ማሳዋ ሰማች። እየሮጠች ወጣች።

«ሙላቴ! ተሳስተሃል፣ ዛሬ ያንተ ተራ ነው!»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ እዚህ ምን ታደርጋለህ?»

«ተራዬን የት እንደማርስ ልታዢኝ ነው?» አለ ሳያያት። ጥቂት አርሶ በሬዎቹን አቆመ። «እንዳኮረፍኩሽ ነኝ፤ አስቀድመሽ ልትነግሪኝ ይገባ ነበር። ግን አንቺ ቦራን ስትሰጪ እኔ ዳልቻን የኔ ነው እያልኩ ቆሜ፣ ለመሆኑ እሱንስ ማን ሰጠኝ ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። ይችን ማሳ ብቻ ነው፤ የታችኛውን አልችልም።»

አለምወርቅ እዚያው ቁጭ አለችና ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ልጇ ሐኪም ቤት ተኝታ ሳለ እንኳ እንዲህ አላለቀሰችም።

«ኧረ ተይ እትዬ!» አለ ሙላቴ እርፉን እየጨበጠ። «መሬቱን አርጥበሽ ጭቃው ማረሻዬን ሊይዝብኝ ነው!»