በሽንት ቤቱ መንገድ የነበረው አግዳሚ

በ2015 ዓ.ም. ሰባ አንድ ዓመቴ ነበር። ጅጅጋ ውስጥ፣ አባቴ ለወታደርነት መጥቶ በሠራው ግቢ ከልጄ ልጅ ጋር እኖር ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ኮሌጅ ትማራለች። እናቷ ኤረር ከተማ ትነግዳለች። ሽንት ቤታችን ከግቢው ጥግ፣ ከቁልቋሉ አጥር ሥር ነው፤ ከጎረቤታችን ከሶማሌዋ ወተት ሻጭ ጋር እንጋራዋለን። የኔ አግዳሚ ወንበር ወደዚያ በሚወስደው መንገድ ላይ ነበር። የጧት ፀሐይ የሚያገኘው እዚያ ስለሆነ ተነስ ብባልም አልነሳም።

አንድ ሰሞን ልጅቱ ትመላለስ ጀመር። ትገባለች፣ ትወጣለች፣ ቁጭ ሳትል ተመልሳ ትገባለች። ነጠላ ጫማዋ ጠፍ ጠፍ ሲል ሳልፈልግ ቆጠርኩ።

«ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት።

«ብርድ ነው አባባ። ሽንቴን ያቃጥለኛል።»

«ብርድ እንዲህ አያቃጥልም። ከማን ጋር ነበርሽ?»

እኛ ሰፈር ያላገባች ልጅ ሽንት አቃጠለኝ ካለች ሰው ሁሉ ጨብጥ ነው የሚለው። እኔም እንደ ሰው አሰብኩ። ፊቷን አዙራ ወደ ቤት ገባች። ከዚያ ወዲያ የጫማዋ ድምፅ ጠፋ። ተሻላት ብዬ ደስ አለኝ።

ዝምታውን ግን አውቀው ነበር። ሃያ ዓመቴ ሳለ የአሥራ ሰባት ዓመት እህት ነበረችኝ። እሷም በዚሁ ግቢ እንዲህ ተመላለሰች። እኔም ያንኑ ጥያቄ በዚያው ቃል ጠየቅኋት። መመላለሱን ተወች። ቀጥሎ ጀርባዋን አመማት፣ ተንቀጠቀጠች። ምች ነው ብለን ዳማ ከሴ አሸንላት። በሳምንቱ ቀበርናት። ምን እንደገደላት የመረመረ የለም። እኔ ግን እስከ ዛሬ ባዶ እግሯ ከኋላዬ ሲሄድ እሰማለሁ። ዞር ስል ቁልቋሉ ብቻ ነው።

በሦስተኛው ቀን ወተት ሻጯ መጥታ ፊቴ ቆመች።

«አዴር» አለችኝ፤ ሶማሌ ሽማግሌን አጎቴ ብሎ የሚያከብርበት ጥሪ ነው። «ኬላ ሆነሃል? ኮንትሮባንድ ነው የምትፈትሸው?»

«ምን አደረግኩ?»

«ልጅቷ ውሃ ትታለች። ውሃ ከጠጣች በአንተ ፊት ማለፍ አለባት። ወተት ሰጠኋት፣ እሱንም እምቢ አለች። ሰውነቷ እሳት ሆኗል።»

«ለምን ለኔ አልነገረችኝም?»

«አንተ ሐኪም ነህ ወይስ ፖሊስ?»

ገባሁ። ልጅቱ ጎኗን ይዛ ተጣጥፋ ተኝታለች። ከንፈሯ ደርቋል። እህቴን የማይ መሰለኝ። ባጃጅ ጠርቼ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት።

«አባባ፣ እርስዎ ውጭ ይጠብቁ» አለችኝ ሐኪሟ።

«አሳዳጊዋ ነኝ። እኔ ባለሁበት ትናገር።»

«ሽንቱንም እርስዎ ይሰጡልኛል?»

ወጣሁ። በር ላይ ወረፋ የያዙት ሴቶች ሻሻቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁብኝ።

ከምርመራው በኋላ ሐኪሟ ልጅቱን አስፈቅዳ ጠራችኝ። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው፤ ወደ ኩላሊቷ መውጣት ጀምሯል አለች።

«ከወንድ ነው?» አልኩ። አፌ አሁንም አልተገራም።

«ይሄ ባል የማታውቅ ልጅንም፣ መነኩሲትንም ይይዛል። የሴት ቧንቧ አጭር ነው። ውሃ መተውና ሽንት ማፈን ደግሞ ያባብሰዋል። ማነው ውሃ አትጠጪ ያላት?»

ልጅቱ ወለሉን አየች። እኔም ወለሉን አየሁ።

«ትድናለች?»

«መድኃኒቱን ከጨረሰች ትድናለች። ደርሳችሁላታል። ሳይደረስላቸው የሚቀሩ አሉ።»

ሃምሳ ዓመት ምች ነው ስል የኖርኩትን እዚያች ወንበር ላይ ተቀምጬ ተውኩት። እህቴስ ውሃ ትታ ይሆን? አይቼ አላውቅም። የቆጠርኩት እግሯን እንጂ የጠጣችውን አልነበረም።

ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ ልጅቱ «አባባ፣ ሳልፍ አትየኝ» አለችኝ። ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም።

በማግስቱ ጧት አግዳሚውን ተሸክሜ ከቤቱ ጀርባ ወሰድኩት። ፀሐይ የማይደርስበት ቀዝቃዛ ጥግ ነው። ፊቴን ወደ ግንቡ አዙሬ ተቀመጥኩ። የልጅቱ ነጠላ ጫማ ጠፍ ጠፍ እያለ ሄደ፤ ተመለሰ። ትንሽ ቆይቶ ባዶ እግር በዚያው መንገድ ተከተለ። እህቴም ትለፍ ብዬ ዞር አላልኩም።