ጫፉ ክፍት ካልሲ

ከፎጎ ደሴት ወደ ማዶ በምትሻገረው ጀልባ ላይ ሻይ የምትሸጠው መርትል የአንዱን ሽማግሌ ተሳፋሪ ስም አታውቅም። የምታውቀው ሁልጊዜ መስኮቱ ጥግ ተቀምጦ፣ የዓሣ መረብ ሲጎትቱ የኖሩ ወፋፍራም ጣቶቹን ከሹራብ መርፌ ጋር ሲያታግል ነው። ካልሲ ሠርቶ አያውቅም፤ ይህ የመጀመሪያው ነው።

"በስተርጅና ሹራብ!" ብለው መንገደኞቹ ሲስቁበት ቀና እንኳ አይልም።

"መረብ ስጠግን ያልሳቃችሁ፣ አሁን ምን አሳቃችሁ?"

ካልሲው ማዶ ሆስፒታል ለተኛችው ሚስቱ ነው። ተረከዙ እምቢ ብሎት ስንቴ ተርትሮታል! በመጨረሻ አዟዟሩን ያሳየችው መርትል ናት።

"በጣት በኩል ያለውን ጫፉን ግን እንዳይዘጉት፣ አባባ" አለችው። "መጀመሪያ ባለቤትዎ ይለኩት። እግር ሳይገባበት የተዘጋ ካልሲ ወይ ያጥራል፣ ወይ ይረዝማል።"

ከዚያ ወዲህ ሁለቱንም ካልሲዎች ጫፋቸው እንደተከፈተ ይዞ ይሄዳል፤ እንደተከፈተ ይዞ ይመለሳል።

"ተኝታ ነበር" ይላታል። "ልቀሰቅሳት አልጨከንኩም።"

ዛሬ ጠዋት መስኮቱ ጋ አልሄደም። ጥቁር ኮት ለብሶ፣ ጢሙን ተላጭቶ፣ በቀጥታ ወደ መርትል መጣና ካልሲዎቹን ባንኮኒው ላይ አኖረ።

"ዝጊልኝ፣ ልጄ። እጄ አልታዘዝ አለኝ።"

"ልካቸው ሆነ?"

"ሳትለካቸው ሄደች።" ካልሲዎቹን በመዳፉ ዳበሳቸው። "ቀባሪዎቹ ጫማ አያስፈልጋትም አሉኝ። እሺ፣ ጫማው ይቅር፤ ግን እግሯ ይበርዳታል አልኳቸው።"