መቋሚያው ሲነሳ

ደብተራ አየነው ንዳዱን ያመጣው ከጫግኒ ነው። ማሽላ ሊሸምት ቆላ ወርዶ በቅሎ ላይ ታስሮ ተመለሰ። ትኩሳቱ ለቀቀው፤ ማዞሩ ግን አልለቀቀውም። በቆመ ቁጥር መሬቱ ነፋስ እንደነካው የዘንገና ሐይቅ ውኃ ይወዛወዝበታል።

ጣሊያን ከወጣ ጀምሮ፣ ወደ ሃያ ዓመት ሊሆነው ነው፣ በደብሩ ማኅሌት በቀኝ በኩል ቆሟል። ወረቡ ሲደምቅ መቋሚያው ከመሬት ተነስቶ ይወዛወዛል፤ ያን ጊዜ የሚደገፉት ነገር የለም። ባልንጀራው ደርበው ሊጠይቀው መጥቶ፣

"ምን አስጨነቀህ? ከሽማግሎቹ ጋር ተቀምጠህ ታዜማለህ። ድምፅህን ንዳድ አልበላው!" ብሎ ሳቀ።

አየነውም አብሮ ሳቀ። ማታ ግን እራቱን ሳይበላ ተኛ። ከተቀመጡት መካከል ተመልሶ የቆመ ሰው አያውቅም።

ያስነሳችው ሚስቱ የሻረግ ናት። በማግስቱ ከቤቱ ምሰሶ አጠገብ አቆመችው።

"በሁለት እጅዎ ይያዙ።"

"ሕፃን አደረግሽኝ እኮ።"

"ሕፃንማ ቶሎ ይማራል።"

ምሰሶውን በሁለት እጁ ያዘ፤ ሰንብቶ በአንድ፣ ከዚያ በጣቱ ጫፍ። ቀለለኝ ባለ ቁጥር አንድ ነገር ትቀንስበታለች። እግሩን አስገጥማ አስቆመችው፤ ቀጥሎ አንዱን ከሌላው ፊት። ኋላም ጠርጋ ወዳለሰለሰችው ግቢ አውጥታ ዓይኑን አስጨፈነችው። ክንዷን ዘርግታ አጠገቡ ትቆማለች እንጂ አትነካውም። ሲንገዳገድ አገውኛዋ ይቀድማታል፤ ምን አልሽ ሲላት "ጸሎት ነው" ትላለች። በመጨረሻ መቋሚያውን አስያዘችው፣ አስነሳችው። ሲደክመው "ይብቃኝ" ይላል።

"ለዛሬ ይበቃዎታል።"

ይህችን "ለዛሬ" ጠላት።

የሚያዝያ ጊዮርጊስ ደረሰ። ታቦቱ ወጥቶ ከወይራው ሥር ቆመ፤ ካህናቱ ፊት ለፊት ተሰለፉ። አየነው ቦታው ላይ ነበር። እግሩ ግን እርጥብ ቄጠማ ረገጠ። ሃያ ዓመት የረገጠው ቄጠማ ነው፤ ግቢው እየተጠረገለት ሲለማመድ እሱም ሆነ የሻረግ አላሰቡትም።

መቋሚያዎቹ ተነሱ። የእሱም ተነሳ። እግሩ ተንሸራተተ፤ መለሰው። ከበሮው ሲፈጥን መሬቱ ዞረ። የሁሉም መቋሚያ አየር ላይ ሳለ የአየነው ብቻ ወርዶ መሬት ወጋ።

"ተቀመጥ፣ ወንድሜ" አለው ደርበው በጆሮው።

"አልቀመጥም።"

ተደግፎ እስከ መጨረሻው አዜመ።

ቤት ገብቶ በሩ አጠገብ ካለው መደብ ላይ ተዘረረ። የሻረግ ቆይታ፣ ነጠላዋን ጠቅልላ ተሸክማ መጣች። ግቢው መሐል ስትፈታው ቄጠማ ነው።

"በበዓል አጨድሽ?"

"ለቅሜ ነው፤ ከረገጣችሁት። ይነሱ።"

"ዛሬ እንኳ ተይኝ፣ የሻረግ። ደክሞኛል።"

"አውቃለሁ" አለች። ቄጠማውን በእግሯ በትና መሐሉ ቆመች። ግቢው ውስጥ ምሰሶ የለም። ሁለት እጆቿን ዘረጋችለት።

"መጀመሪያ እኔን ይይዛሉ።"

አየነው ግድግዳውን ተደግፎ በቀስታ ተነሳ።