ካሴት የገባው ሙሾ

ባለፈው ጥቅምት ድብ ባሕር ዘመድ ልጠይቅ ሄጄ፣ የገብስ ማሳ ላይ ከእንጨት እንጨት የተወጠረ የካሴት ክር አየሁ። ወፍ ለማባረር ነው። ነፋስ ሲመታው ዝዝዝ ይላል፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ቡናማው ብር ይመስላል። የምን ካሴት እንደነበረ ብጠይቅ ባለማሳው ሳቀብኝ። «ማን ያውቃል እታለም፣ ቤት ውስጥ ወድቆ የተገኘ ነው።» እኔ ግን አንድ ካሴት ብቻ ነበር የታየኝ።

በዚያ ካሴት የወጣውን «ቆሜ» የሚለውን ዘፈን አታስታውሱትም። በዚያ የካሴት ዘመን ጎንደር ውስጥ ከማራኪ ፒያሳ የሚመላለስ ሚኒባስ ሁሉ እሱን ነበር የሚያሰማው። ወንበር ሞልቶ ጎንበስ ብሎ የቆመውን ተሳፋሪ ረዳቶቹ፣ «ቆሜ ቆሜ! ዘፈኑ ላንተ ነው የወጣው፣ ጠጋ በል!» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። ብዙዎቻችን ራፕ የሚባለውን በአማርኛ የሰማነው ያኔ ነው። ዘፋኙ ሬዲዮ ቀርቦ፣ ግጥሙን ስሜን ተራራ ላይ ተቀምጦ እንደጻፈው ተናገረ። ደባርቅን አልፎ አያውቅም። ጎንደር ብርድ ሆኖበት ጓንት የሚያደርግ ሰው ነበር።

ግጥሙን የሰጠሁት እኔ ነኝ። የእኔም አልነበረም።

ፒያሳ ካሴት ቤት ተቀጥሬ ስሠራ፣ ማራኪ ከአንዲት ተማሪ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። የመካነ ብርሃን ልጅ ናት፤ ዝምተኛ። ጦር ሜዳ የሄደው ወንድሟ መርዶ የመጣ ዕለት ግን ያቺ ዝምተኛ ልጅ ተነሥታ፣ ደረቷን እየመታች ሙሾ አወረደች።

«ቆሜ ብሸኝህ ነው ቆሜ የቀረሁት፣
ና አስቀምጠኝ ወንድም ጉልበቴን ጨረስሁት።»

ግቢው በሙሉ ተንሰቀሰቀ። ለሰው ፊቷን የማትፈታው አከራያችን እንኳ አለቀሰች። እኔ ግን በልቤ እየደገምኩ እይዝ ነበር። ሰው ሲበተን ደብተር ላይ ጻፍኩት።

ዘፋኙ ካሴት ቤቱን ያዘወትር ነበር። ሽቶው ቀድሞት ይገባል። አንድ ቀን ግጥም እንደቸገረው ሲያጫውተኝ ከደብተሬ አነበብኩለት።

«ኧረ ሸጋ ነው! ማን ጻፈው?»

«እኔ» አልኩት። እንዲያየኝ የማላደርገው ነገር አልነበረም። ካሴቱ በወጣ በወሩ ሌላ ሴት ይዞ በደጄ አለፈ። እሱን መውቀስ ይቀለኛል፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ልተወው።

አብራኝ የምትኖረው ተማሪ ዘፈኑን ሚኒባስ ውስጥ ሰማችው። ቤት ገብታ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ፣ «የእኔ ነው እኮ» አለችኝ። «ሙሾ ባለቤት የለውም፣ የሁሉ ነው» አልኳት። አልተከራከረችኝም። እንዲያውም ለወንድሟ ሙት ዓመት አብሬያት አገሯ እንድሄድ ለመነችኝ።

ሬሳው እዚያው ጦር ሜዳ ስለቀረ፣ ካፖርቱንና ፎቶውን በርጩማ ላይ አድርገው ዙሪያውን ያለቅሱ ነበር። ሲያካፋ ቆይቶ የሰዉ ጋቢ ሁሉ እርጥብ ሱፍ ይሸት ነበር። እሷ ካፖርቱ ፊት ቆመች። «ቆሜ ብሸኝህ ነው» ስትል፣ አጥሩ ሥር የተሰበሰቡት ተማሪዎች «ቆሜ! ቆሜ!» ብለው ተቀበሏት። አንዷም አጨበጨበች። ክፋት አልነበረባቸውም፤ አፋቸው ለምዶት ነው።

አጎቷ በዱላቸው መሬቱን መቱ።

«ምነው ልጄ! ከተማ ያስተማረሽ ይኼን ነው? በወንድምሽ ልብስ ላይ ዘፈን?»

«አያ፣ የእኔ ነው። መርዶው የመጣ ዕለት እኔ ነኝ ያልኩት።»

«ማኪናው ሁሉ የሚያንጫጫውን?»

ወደ እኔ ዞረች። «ንገሪያቸው» አለች።

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ብናገር ሌባነቴ ይታወቃል፤ እሷ ግን ወንድሟን አልቅሳ ትገባ ነበር።

«እኔ እንጃ» አልኩ።

አጎቷ ካፖርቱን ከፊቷ አነሡት።

ከብዙ ዓመት በኋላ እናቷ ማረፋቸውን ሰምቼ ለቅሶ ሄድኩ። ዘፈኑን የሚያውቅ ወጣት አልነበረም። አሁን ብታወርድ ማንም አያጨበጭብባትም ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ሸብታ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ሌሎች ሴቶች እየተነሡ ያወርዱላታል።

«ልጃቸው ምነው አታወርድ?» ብዬ አጠገቤ ያለችውን ጎረቤት ጠየቅኳት።

«እሷ? እሷማ ድሮም ግጥም አይሆንላትም።»

አይደለም ልል አፌን ከፈትኩ። አንዲት ሴት ተነሥታ ጀመረች፤ እኔም ከሰው ጋር ደረቴን መታሁ።