የጦቢት ዓይኖች

አባቴ ሚዛን ከተማ ውስጥ ታፔላ ጸሐፊ ነበር። ከአማን መንገድ እስከ ገበያው ድረስ የብዙ ሱቅ ስም የሱ እጅ ነው። እኔንም የሥዕል መምህርት ያደረገኝ የሱ ብሩሽ ነው። የዓይኑን መድከም ደብቆን ኖሮ፣ የነቃነው ፊደሎቹ ከመስመር መውጣት ሲጀምሩ ነው። ጅማ ወሰድኩት። ሐኪሙ መርምሮት «የዓይን ግፊት ነው። ዘግይታችኋል፤ የጠፋው አይመለስም። የቀረውን እንዳያጣ ጠብታው አይቋረጥ» አለን።

ተመልሰን ቤት ከገባን በኋላ አባቴ ምግብ እምቢ አለ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን «ኮሌጅ ሳለሽ የገዛሽው የሥዕል መጽሐፍ ውስጥ ጦቢት አለ አይደል? አምጪው» አለኝ። ጦብያ የአባቱን የጦቢትን የታወሩ ዓይኖች በዓሣ ሐሞት ሲቀባ የሚያሳይ፣ በአውሮፓ የህዳሴ ዘመን መዳብ ላይ ተቀርጾ የታተመ ሥዕል ነው። ለአባቴ ግን የሚታየው ጥላ ብቻ ነበር። ጣቱን ይዤ ገጹ ላይ አስኬድኩት።

«ልጁ እዚህ አጎንብሷል፤ ጀርባው እንደ ደጋን ጎብጦ ወደ ሽማግሌው ይወርዳል። የሩፋኤል ክንፍ ደግሞ ከወዲያ በኩል ይመጣና ሁለቱ መስመሮች እዚህ ይገናኛሉ።»

«የት?»

«ዓይኑ ላይ። የእናትየው እጅ፣ የበሩ ጠርዝ፣ የወለሉ ንጣፍ ሳይቀር ወደዚያው ነው የሚመራው።»

«ብርሃኑስ?»

«ብርሃን አልተሣለም፣ አባዬ። ዙሪያውን በቀጫጭን ጭረት አጥቁሮ፣ ፊቱን ባዶ ወረቀት ትቶታል።»

ጣቱ እዚያው ቆመ። «ዓይኑ ተገልጧል?»

መዋሸት አቃተኝ። «አልተገለጠም። ሠዓሊው የመረጠው ከመዳኑ በፊት ያለችውን ቅጽበት ነው።»

«እንግዲያ እዚያው ቀርቷል» ብሎ እጁን ሳበ።

ጳጉሜ ሦስት፣ የሩፋኤል ዕለት፣ ዝናቡ ሲወርድ አባቴ ደጅ ወጣ። የሰፈሩ ልጆች ለበረከት እየጨፈሩ ይረጥባሉ። እሱ ግን ፊቱን ወደ ሰማይ አቅንቶ፣ ሽፋሽፍቱን በጣቶቹ በርግዶ፣ ጥርሱ እስኪንገጫገጭ ቆመ።

«አባዬ በቃ፣ ብርዱ ይገድልሃል» ብዬ ስጎትተው፣

«ተዪኝ! ትንሽ ብቻ!» ብሎ ጮኸብኝ። ሲጮህብኝ የመጀመሪያው ነበር።

ዝናቡ አባራ። ጎረቤት ሁሉ እያየው «ታየህ?» የሚል ሰው ጠፋ። እኔም አልደፈርኩም። ፎጣ አልብሼ አስገባሁት።

ጠብታውን አላቋረጥንም፤ ሆኖም እየዋለ እያደረ የመስኮቱም ብርሃን ጠፋው። አሁን ጠዋት ጠዋት ኮቴዬን ሲሰማ «ነግቷል?» ይለኛል።

«ነግቷል፣ አባዬ።»

«ታዲያ መስኮቱን ክፈቺው እንጂ» ይላል። አስቀድሜ ከፍቼው ነው የሚጠይቀኝ።